የፊኛ አበባ ዘር፦ ለሐረር ግቢ የትኛው ፓኬት ይገዛ?

ከውጭ ታሽገው ከሚመጡት የፊኛ አበባ ዘሮች መካከል ሐረር ላይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው አጭሩ «አስትራ» ነው። ረጅሙ «ፉጂ» ሲያብብ እጅግ ያምራል፤ ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ዓመት ሥሩን ሲያደልብ ያሳልፍና አበባውን ለሁለተኛው ያቆየዋል። ቁመቱም 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ ዝናብና ነፋስ ያጋድመዋል፤ የድጋፍ እንጨት ካልቆመለት አይሆንም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከተክሉ አገር ነው። ፊኛ አበባ የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የቻይናና የሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ተክል ነው። በዚያ በብርዱ ወራት ግንዱ ይደርቃል፤ ሥሩ ውርጭ ከላዩ ተኝቶ ከርሞ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሐረር 1,880 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም የታኅሣሥ ሌሊቷ ለዚህ አይበቃም። አስትራ ግን ብርድ ሳይጠብቅ በተዘራበት ዓመት እንዲያብብ የተመረጠ ነው፤ ከ4 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ያብባል፣ ቁመቱም ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለጠባብ ግቢና ለመስኮት ደፍ ይመቻል።

ስትገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ክብደቱንም አንብቡ። 1 ግራም ውስጥ 1,000 ገደማ ፍሬ አለ፤ ፓኬቱ 100 ሚሊግራም ካለ 100 ፍሬ ያህል ይዟል ማለት ነው። የታሸገበት ዓመት ካለፈው ዓመት በፊት ከሆነ ተዉት፤ ይህ ዘር ቶሎ ያረጃል። ፀሐይ በሚመታው መስታወት ላይ ተሰቅሎ የከረመውንም አትውሰዱ።

ከፓኬቱ ጀርባ የታተመው የመዝሪያ ጊዜ ውርጭ ላለበት አገር ስለሆነ እዚህ አይሠራም። ለሐረር የሚስማማው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው፤ ከባዱ ዝናብ አልፏል፣ የቤት ውስጥ ሙቀቱም ዘሩ ለሚፈልገው 20 ዲግሪ ቅርብ ነው። ፓኬቱ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈው «ብርሃን ይፈልጋል» የሚለው ግን ከሁሉም በላይ መከበር አለበት። «ዘሩ ሞቶ ነው የመጣው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አፈር ተጭኖት ነው።

2 እጅ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት ከ1 እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ጋር ደባልቁ። የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ይቀዝቅዝ፤ ችግኝ የሚገድለውን ሻጋታ ይቀንሳል። ወገቡ የተቆረጠ ሃይላንድ ሥሩን ብሱና ሙሉት፤ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀምጡት፣ አፈሩ ከታች ይምጠጥ። ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከአንድ ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑት፤ በጠፍጣፋ እንጨት ጫን አድርጉት፣ አፈር ግን አታልብሱት። ላዩን በነጭ ፌስታል ሸፍኑና ብርሃን ያለበት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይመታው ቦታ አኑሩት። ሳህኑ ውስጥ ውሃ ካለ ጉንዳንም ወደ ዘሩ አይሻገርም።

በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይበቅላል። 4 ሳምንት አልፎ ምንም ካልታየ አትጣሉት፤ ዕቃውን እንዳለ ለ3 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ (ፍሪዘር ውስጥ አይደለም) አስቀምጡና ወደ ብርሃን መልሱት። አንዳንዱ ዘር ይህን ብርድ ካላየ አይነቃም። እንደበቀለ ፌስታሉን አንሡ። ችግኙ አንገቱ ቀጥኖ ዘፍ ካለ ከሥር የሚጀምር ብስባሽ ነው፤ የወደቀውን ከነአፈሩ አውጡ፣ የተጠጋጋውን አሳሱ፣ ውሃውን ጠዋት ብቻ ከታች ስጡ።

ብዙ ሰው ተክሉን የሚያጣው ሲያዛውረው ነው። ሥሩ እንደ ካሮት ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፤ ከተሰበረ ነጭ ወተት ያፈስሳል፣ ተክሉም ቶሎ አያገግምም። ስለዚህ እውነተኛ ቅጠሉ 2 ወይም 3 ሲሆን ከጋዜጣ ወደተጠቀለለ ኩባያ አዛውሩት፤ በኋላ ከነወረቀቱ ይተከላል። የመጨረሻው ማሰሮ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ሥሩ ላይ ቀዳዳ ይኑረው፤ መደብ ላይ ከሆነ በ25 ሳንቲ ሜትር አራርቁ። ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ሥሩን ያበሰብሰዋል።

ጀበናችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ አበባውንም ይጎዳል። ኖራው ሲከማች ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለዚህ ተክል ብታስቀሩለት ይመረጣል።

እምቡጡ እንደ ስሙ ነፍቶ ሲመጣ ልጆች ማፍረጥ ይወዳሉ፤ ከልክሏቸው፣ የተጨፈለቀው ተቀዶ ነው የሚከፈተው። የጠወለገውን አበባ ብቻ ቁረጡ እንጂ ግንዱን አትንኩ፣ ከተቆረጠው በታች ሌላ እምቡጥ ይከተላል። ከቀለሞቹ ሰማያዊው ይሻላል፤ ነጩ ሲያረጅ ቡናማ እድፉ ጎልቶ ይታያል።

ለድሬዳዋ ዘሩን እንድትገዙ አንመክርም። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የመስከረም ሙቀት ለማብቀል ይበዛል፤ ኅዳር ላይ ብትዘሩ ደግሞ አበባው ከመጋቢት ቃጠሎ ጋር ይገናኛል፣ ቀለሙም ይገረጣል። ሐረር ላይ መስከረም የተዘራውን እምቡጥ ሲይዝ፣ ጥር ላይ፣ ከነማሰሮው አውርዱት። ከመንገዱ በፊት ባለው ማታ ውሃ አጠጡት፣ በመኪናው መስኮት ፀሐይ አትምታው፤ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝ የዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጡት።