ሳይቆርጡ ውስጥን ማየት፦ የሲንክሮትሮን ኤክስሬይ ቶሞግራፊን ተጠቅሜ ያየሁት

አንድ ነገር ውስጥ የትኛው ንጥረ ነገር የት እንዳለ ማወቅ ፈልጋችሁ፣ ነገሩን ግን መቁረጥም መፍጨትም ካልፈለጋችሁ፣ ከሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ ከሚያመነጭ ትልቅ ማሽን) የተሻለ አገልግሎት አላውቅም። ተጠቅሜበታለሁ፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ከማመልከታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፦ ያ የሚያምረው ባለቀለም ምስል አንዳንዴ ይዋሻል፤ መቼ እንደሚዋሽ መለየት ደግሞ የእናንተው ሥራ ነው።

እኔ የወሰድኩት ካገለገለ የሊቲየም ባትሪ የወጣ ካቶድ (የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ) ነበር፤ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች የያዘ ዓይነት። ጥያቄዬ ቀላል ነው። ባትሪው ሲያረጅ ሦስቱ አንዲት ቅንጣት ውስጥ እንደነበሩ ይቆያሉ ወይስ ቦታ ይለውጣሉ? ተራ የላብ ሲቲ ስካን እዚህ ጋ ብዙም አይረዳም። የሚያሳየው ጨረሩ የት ምን ያህል እንደተዋጠ ብቻ ስለሆነ ኒኬልና ኮባልት አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ንጥረ ነገሮቹን ይለያል፣ ግን ላይ ላዩን ነው። ውስጥ ለመግባት መቁረጥ ግድ ነው፤ ከተቆረጠች በኋላ ደግሞ ያችኑ ቅንጣት መልሶ መሞከር አይቻልም።

ሲንክሮትሮን ላይ ኤሌክትሮኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው ትልቅ ቀለበት ውስጥ ይዞራሉ፣ ማግኔት አቅጣጫቸውን ባስቀየራቸው ቁጥር ኃይለኛ ኤክስሬይ ይወጣቸዋል። ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ያለው ኢኤስአርኤፍ የተባለው ማዕከል ቀለበቱ ዙሪያው 844 ሜትር ነው፤ ዮርዳኖስ ያለው ሴሳሚ ደግሞ 133 ሜትር ገደማ፣ እሱም የራሱ የቶሞግራፊ (ናሙናን እያዞሩ ውስጡን በምስል የመገንባት) መስመር፣ ማለትም ጨረሩ ወጥቶ የሚሠራበት ጣቢያ አለው። ስለዚህ በማሽኑ ትልቅነት ሳይሆን በጥያቄያችሁ ምረጡ። እኔ በሠራሁበት ዓይነት መስመር ጨረሩ ከመቶ ናኖሜትር ወደጠበበ ነጥብ ይሰበሰብና ናሙናው ላይ ያርፋል። የተመታው አቶም ከውስጠኛው ምህዋር ኤሌክትሮን ያጣል፣ ከላይ ያለው ወርዶ ክፍተቱን ሲሞላ የዚያ ንጥረ ነገር መለያ የሆነ ኤክስሬይ ይለቀቃል (ፍሎረሰንስ ይባላል)፤ ጉልበቱም፦ ማንጋኒዝ 5.90፣ ኮባልት 6.93፣ ኒኬል 7.48 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት። ናሙናውን እያንሸራተቱና እያዞሩ ይህን ነጥብ በነጥብ ከለቀሙ በኋላ ኮምፒውተር ውስጡን መልሶ ይገነባል። መጀመሪያ የኮባልቱ ምስል ተገንብቶ ሲመጣ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ማንም ያልከፈታትን ቅንጣት ውስጧን እያየሁ ነበር!

አሁን ወደ ችግሮቹ። ትልቁ ጊዜ ነው። አንድ ስላይስ (የውስጡን አንድ ስስ ንጣፍ ምስል) ለማግኘት 200 ነጥብ በ200 ማዕዘን ብትወስዱ 40,000 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ 50 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው። ሙሉውን ቅንጣት በ200 ስላይስ ልሥራ ካላችሁ ያለ ምንም መቋረጥ አራት ቀን ተኩል ያልፋል፤ የሚሰጣችሁ ቢምታይም (ጨረሩን የምትጠቀሙበት ጊዜ) ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ ሁሉን ላግኝ አትበሉ፤ የተመረጡ ስላይሶች በቂ ናቸው።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የሚሸወድበት፣ ራስን በራስ መዋጥ ነው። ከናሙናው መሀል የተነሳው ደካማ ኤክስሬይ ሳይወጣ እዚያው ይቀራል። ፎስፈረስ፣ ሰልፈር፣ ካልሲየም የመሳሰሉት ላይ ይብሳል። ውጤቱ ምን ይመስላል? ጠርዙ ደማቅ፣ መሀሉ ባዶ የሆነ ቀለበት። ይህን አይቶ «ንጥረ ነገሩ ላይኛው ሽፋን ላይ ተከማችቷል» ብሎ መጻፍ በጣም ቀላል ነው፣ ነገር ግን መሀሉ ባዶ ላይሆን ይችላል። ማስተካከያ ስሌት አለ፤ ለእሱ ግን በናሙናው ያለፈው ጨረርም አብሮ መመዝገብ አለበት። ይህን ሥራ ሳትጀምሩ ጠይቁ፤ በኋላ አይገኝም።

ሌላው የንጥረ ነገሮች መለያ ኤክስሬዮች፣ «መስመር» የሚባሉት፣ መደራረብ ነው። ዲቴክተሩ ከ130 እስከ 150 ኤሌክትሮን ቮልት የሚራራቁትን ያህል ነው የሚለየው። የአርሴኒክ ዋና መስመር 10.54፣ የእርሳስ 10.55 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ሁለቱን በዚህ መለየት የማይታሰብ ነው። ናሙናው ውስጥ ብረት ካለም የብረት ሁለተኛ መስመር ኮባልት ጋ ይጠጋል። ስክሪኑ ላይ ወዲያው የሚመጣው ካርታ ይህን አያውቅም፤ እንደ ፓይ ኤም ሲ ኤ ባለ ሶፍትዌር ስፔክትረሙን (ዲቴክተሩ በየጉልበቱ የቆጠረውን) በሙሉ ከስሌት ጋር ሳታዛምዱ ምንም መደምደሚያ አትስጡ። ሊቲየምን ደግሞ ጭራሽ አትጠብቁ፣ መስመሩ በጣም ደካማ ስለሆነ ከናሙናው አይወጣም። የባትሪ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፣ ግን እውነቱ ነው።

ስለ አገልግሎቱ ራሱ፦ የመስመሩ ሳይንቲስት ድንቅ ሰው ነበር። ሌሊት ጨረሩ ሲዛነፍ መጥቶ አስተካክሏል፣ የናሙናውን መያዣ መርፌ ከነሙጫው ብቻውን ስካን እንዳደርግም የመከረኝ እሱ ነው (ሙጫ ውስጥ ዚንክ ቢገኝ የማን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?)። ክፍያም አልነበረም፤ ፕሮፖዛሉ ተወዳድሮ ካለፈና ውጤቱ የሚታተም ከሆነ በአብዛኞቹ ማዕከላት ቢምታይም ነፃ ነው። ውጤቱን በምስጢር መያዝ የሚፈልግ ኩባንያ ግን ይከፍላል።

ያልወደድኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ዳታውን በዲስክ ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ አለቀ። የፋይሎቹ አወቃቀር የተጻፈበት ሰነድ አሮጌ ነበር፣ ለጥያቄዬ መልስ እስኪመጣ ብዙ ጠበቅኩ፣ የማዞሪያውን መንቀጥቀጥ ማረም ደግሞ ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ ወደቀ። ይህን ያህል ውድ ማሽን ያለው ቦታ ለትንተናው አንድ ሰው መመደብ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ቡድናችሁ ውስጥ ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መጻፍ የሚችል ሰው ከሌለ ከማመልከታችሁ በፊት ፈልጉ።

ጥያቄያችሁ ስለ ዋና ንጥረ ነገሮች ብቻ ከሆነ ደግሞ ፈጣን መንገድ አለ። የኒኬል የመዋጥ ጠርዝ፣ ማለትም ኒኬል ኤክስሬይን በድንገት አብዝቶ መዋጥ የሚጀምርበት ጉልበት፣ 8.333 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ሙሉ ቶሞግራፊ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ሌላ ይነሳል፣ ልዩነታቸው ኒኬሉ ነው። በደቂቃዎች ያልቃል። በጣም ጥቂት ያለን ንጥረ ነገር አያሳይም፣ ለዚያ ፍሎረሰንሱ ይሻላል። ለሚቀጥለው ማመልከቻ ሁለቱን አንድ ላይ ልጠይቅ ነው፦ መጀመሪያ በፈጣኑ ብዙ ቅንጣቶችን አይቼ ከነሱ የተሰነጠቁትን መምረጥ፣ ከዚያ ነጥብ በነጥብ የሚለቀመውን ስካን ለእነሱ ብቻ ማዋል፤ አንዲት ቅንጣት ይዞ ስለ ሙሉ ባትሪ መናገር አይቻልምና።