መዝገበ ቃላት ወይስ ኮርፐስ? የ«ወፍራም ቡና» ነገር

ጅማ ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስለ ሰፈርህ ጻፍ ያልኩት ተማሪ «ቲክ ኮፊ» ብሎ አመጣልኝ። ወፍራም ቡና ማለቱ ነው። ልጁ ምን ያድርግ፣ መዝገበ ቃላቱ ወፍራም ማለት «ቲክ» ነው ብሎታል። አልዋሸውም። ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ ግን አልነገረውም።

ኮርፐስ የሚነግረው ይህንኑ ነው። ሰዎች በእውን የጻፉትና የተናገሩት ተሰብስቦ በኮምፒውተር የሚፈተሽበት ክምችት ነው፤ የብሪታንያው ብሔራዊ ኮርፐስ ለምሳሌ 100 ሚሊዮን ያህል ቃላት አሉት። «ኮፊ» ብላችሁ ስትፈልጉ ኮንኮርዳንሱ፣ ማለትም የፍለጋው ውጤት ዝርዝር፣ ቃሉን መሃል ላይ ቁልቁል ይደረድርና ግራ ቀኙን ያሳያችኋል፦ ስትሮንግ ኮፊ፣ ብላክ ኮፊ፣ ኢንስታንት ኮፊ (ለጅማ ሰው ይቺ የመጨረሻዋ ታማለች)። ደንቡን እናንተ ሳትናገሩ ተማሪው ራሱ ይደርስበታል።

ችግሩ፣ መስመሮቹ ዳርና ዳር ተቆርጠው ስለሚመጡ ጀማሪ ግራ ይጋባል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ስለዚህ 12 ያህል ቀለል ያሉ መስመሮች መርጬ ፕሪንት አድርጌ ነው ክፍል የምገባው።

መዝገበ ቃላት ትርጉሙን ወዲያው ይሰጣል፤ ገና ቃል ለሚለቅም ልጅ እሱ ይበቃል። ድርሰት መጻፍ ለጀመረ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ኮንኮርዳንስ። በቀደም ያው ልጅ «ኃይለኛ ዝናብ 'ስትሮንግ ሬይን' ነው ወይስ 'ሄቪ ሬይን'?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት የ«ሬይን» መስመሮች ያሉበትን ወረቀት ከእጄ ወስዶ «ሄቪ!» ብሎ ጮኸ።