የተጎዳውን መኪና ማስረከብ ወይስ ማስቀረት?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ የተገለበጠ አይሱዙ እንበል። ኢንሹራንሱ «ከጥገና ውጭ ነው» ብሏል። መኪናው ግን የባንክ ዕዳ አለበት። ስለዚህ ካሳው መጀመሪያ የሚሄደው ለባንኩ ነው፤ ለባለቤቱ የሚደርሰው ትራፊው ነው።

ለምሳሌ የመኪናው ግምት 3 ሚሊዮን ብር፣ ቀሪው ዕዳ 2.2 ሚሊዮን፣ የስብርባሪው ግምት 700 ሺህ ይሁን። ስብርባሪውን ለኢንሹራንሱ ካስረከቡት 800 ሺህ ብር እጅዎ ይገባል። ለራስዎ ካስቀሩት ግን የስብርባሪው ግምት ከካሳው ስለሚቀነስ የሚደርስዎ 100 ሺህ ብርና የተጨማደደ ብረት ነው። ከሁለቱም ላይ ኤክሰስ (ከጉዳቱ ባለቤቱ ራሱ የሚሸፍነው ድርሻ) ይቀነሳል።

ደብረ ማርቆስ የሚያምኑት ጋራዥ ካለዎት ማስቀረቱ ያጓጓል። እኔ ግን ማስረከቡን እመርጣለሁ፤ የመለዋወጫ ወጪ አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። የቱንም ቢመርጡ፣ ዕዳው እስኪዘጋ ወለዱ ይቆጥራልና ለባንኩ ዛሬውኑ ያሳውቁ።