ጎሚስታው፣ አገልግሉና ማሲንቆው፦ የባሕር ዳር ሁለት ሳምንቴ

ከሰባት ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ገባሁ። የምኖረው ኔዘርላንድስ ስለሆነ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ብስክሌት ላይ ነው። ለእረፍት ወደ ጎጃም የምትመጡ ወገኖች እንዲጠቅማችሁ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ልንገራችሁ።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ መንገዶቿ ዘንባባ አላቸው። ብስክሌት በሰዓትም በቀንም ይከራያል። ከመውሰዳችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ሞክሩ፤ ለእኔ መጀመሪያ የቀረበልኝ የፊቱ አይዝም ነበር። ስነግረው ልጁ ሳያቅማማ ቀየረልኝ። በእሱ ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሄድኩ። በግንቦት 2016 የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ 43 ሜትር ይሰፋል፤ ለብስክሌትና ለእግረኛ የራሱ መስመር አለው። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ፀሐዩ ሳይከር ቆማችሁ ውሃውን ታያላችሁ።

ስመለስ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። እየገፋሁ መንገድ ዳር ካሉ ጎሚስታ ጋ ደረስኩ፤ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ አዲስ ከመነዳሪ ይሻላል?» አልኳቸው።

«ምን አዲስ ያስፈልገዋል? ና ቁጭ በል፣ እየው።»

ከመነዳሪውን አውጥተው ነፉት። ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ እየነከሩ ቀስ ብለው አዞሩት። አንድ ቦታ ላይ እንደ ክር የቀጠነ አረፋ ተከታትሎ ወጣ። ቦታውን በእስክሪብቶ ከበቡት። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። ከአሮጌ ከመነዳሪ ክብ ቁራጭ ቆርጠው ሁለቱንም ማስቲሽ ቀቡና ለየብቻ አስቀመጧቸው። ለምን ወዲያው እንደማይለጥፉት ጠየቅኳቸው። «እርጥቡን ከለጠፍከው ነገ ይላቀቃል። ጣትህን የማይዝ እስኪሆን ይድረቅ» አሉኝ። እስኪደርቅ የጎማውን ውስጥ በጣታቸው ዳሰሱና ትንሽ የግራር እሾህ ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። እሾሁ ባይወጣ ኖሮ ልጥፉ ዋጋ አልነበረውም። ብስክሌት በሞላበት አገር ሰባት ዓመት ስነዳ እንዲህ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ያስከፈሉኝ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ እንኳ አይሞላም። ከጉዞዬ ሁሉ የላቀው አገልግሎት ይህ ነው።

አሳ ብዙ ቦታ በላሁ። ምርጫዬ ሐይቁ ዳር የሚጠበሰው ቆሮሶ ነው። ጎኑና ጎኑ ጠበቅ ጠበቅ ተደርጎ በቢላ ይተለተላል፤ ዘይቱ ስለሚገባው ትንንሾቹ አጥንቶች ሳይቀሩ ይንኮሻኮሻሉ። ሎሚና ሚጥሚጣ ይበቃዋል።

አክስቴ እኔን ለማየት ከዳንግላ መጥታ ነበር። ገበያ ወጥተን አገልግል ገዛን። ልጅ ሆኜ የመንገድ ስንቅ የበላሁበት ዕቃ ነው፤ አሠራሩን ልብ ብዬ ያየሁት ግን ገና አሁን ነው። ውስጡ ከሰፌድና ከሞሰብ ጋር አንድ ዓይነት የሣር ስፌት ነው። ውጩ በቆዳ ተለብጧል። ክዳኑ ከታችኛው ጋር የሚታሰረው በጠፍር ነው፤ ማንገቻውም ያው ጠፍር ነው። ምስማር የለው፣ ዚፕ የለው። ሣሩ የእንጀራውን ወዝ ይይዛል፣ ቆዳው ከአቧራና ከግጭት ይከላከላል። አክስቴ መጀመሪያ አሸተተችው፤ በደንብ ያልለፋ ቆዳ ይሸታል። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ ገለበጠችውና ነቀነቀችው። አልተከፈተም። ሻጯ እናት ወስፌያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ እሱ እንኳን እንጀራ ወጡንም አያፈስ» አሉን። ዋጋ ብንከራከርም ያለ ቅሬታ ከፈልኩ። ቅርጹን ከወደዳችሁት ለጌጥ ተብሎ የተሠራውን ትንሹን ተዉት፤ የምግቡን ግዙ።

ዘጌ በጀልባ ሄድን። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ያነጋገርነው የጀልባ ሰው የደርሶ መልስ ዋጋ ተስማምቶ ከወሰደን በኋላ ለመመለስ የነዳጅ ጭማሪ ጠየቀን። አክስቴን ፀሐይ ላይ አቁሜ መከራከር ስላልፈለግኩ ከፈልኩ። እናንተ ግን ደርሶ መልስ መሆኑን፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁና ነዳጁን ጨምሮ መሆኑን ሳትነሡ በፊት ተነጋገሩ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ድካሙን አስረሳኝ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ያስጎበኘን ዲያቆን ባትሪ አብርቶ ከግድግዳው ትንሽ የተነሣ ጠርዝ አሳየን። ለካ ሥዕሉ ያረፈው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው፤ የሽመናው ድርና ማግ ይታያል። ጻድቃኑ በሁለት ዓይን ያዩናል። ክፉዎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ግድግዳውን ሁሉ ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። ስትወጡ የዘጌን ቡና ጥሬውን ግዙ፤ ያ ጫካ ሁሉ የቡና ጫካ ነው፤ መሬቱ በሞፈር አይታረስም።

የመጨረሻው ማታ አዝማሪ ቤት ሄድን። በጊዜ ስለገባን ማሲንቆውን በቅርብ አየሁት። ክሩ አንድ የፈረስ ጭራ እሽግ ነው፣ ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። አዝማሪው ደጋኑን ዕጣን ቀባው። «ካልቀባሁት ድምፅ የለውም፣ ይንሸራተታል» ብሎ ሳይቀባ አንዴ ሳበልኝ። እውነትም ትንፋሽ ብቻ ነው። ቀብቶ ሲስበው ቤቱ ሞላ።

እዚያ ስትገቡ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ግጥም ካላችሁ «ተቀበል!» ብላችሁ ስጡት። አክስቴ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከችለት። ዞሮ ወደ እኔ መጣ፦

እመጣለሁ ብሎ ሰባት ዓመት ቀረ፣
አባይ ነው ይሄ ሰው እየሄደ ኖረ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ወንዙንም ውሸታሙንም በአንድ ቃል አስገብቶልኛል። አክስቴ ሳቋን ሳትጨርስ እጄን ያዘችኝ፤ እስክንወጣም አልለቀቀችኝም።