ኮርሳ፣ ማውንቴን ወይስ ቅይጥ? ለድሬዳዋ ሜዳና ለደንገጎ ዳገት ብስክሌት ስትመርጡ

ድሬዳዋ ሜዳ ናት። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ለገሃሬ በብስክሌት የሚመላለስ ሰው ዳገት የሚባል ነገር እምብዛም አይገጥመውም። ባጃጅ መንገዱን ከመሙላቱ በፊት ከተማዋ በብስክሌት የምትታወቀውም ለዚሁ ነው። ወደ ሐረር አቅጣጫ እንደወጣችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ናት። የዚህን ልዩነት አብዛኛውን የሚጨርሰው የደንገጎ ጥምዝምዝ መንገድ ነው። እንግዲህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ወደ ሥራ የሚያደርሰውን፣ እሑድ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ደንገጎን የሚያስወጣውንና አንዳንዴም ለአማተር ውድድር የሚያሰልፈውን አንድ ብስክሌት የሚፈልግ ሰው ምን ይግዛ?

ጥያቄው የራሴም ነበር። በወጣትነቴ እወዳደር ነበር፤ ከዚያ ትዳርና ሥራ መጣና አሥራ ስድስት ዓመት ኮርቻ ላይ አልወጣሁም። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሳየው ልቤ ተነሣ፤ እግሬ ለመነሣት ግን ተጨማሪ ዓመታት ፈጀበት። ከተመለስኩ ወዲህ ሦስቱንም ዓይነት ነድቻለሁ። ቀጭን ጎማና የተቆለመመ መሪ ያለው የውድድር ብስክሌት፣ ኮርሳው፣ የራሴ ነበር፤ ሰፊ ጎማ ያለው ማውንቴን የወንድሜ ነው፤ ቀጥ ያለ መሪና እንደ ኮርሳው ባለ 700 ጎማ ያለው፣ ሃይብሪድ የሚባለው ቅይጥ ደግሞ አሁን የምነዳው ነው።

በጎማ እንጀምር፤ በድሬ መንገድ ላይ ልዩነቱ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። የኮርሳ ጎማ ስፋቱ 23 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ እስከ 100 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይነፋል፤ ንጹሕ አስፋልት ላይ እንደ ውኃ ይፈሳል። የማውንቴን ጎማ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ በ40 ፒ.ኤስ.አይ. ይበቃዋል፤ ኮብልስቶኑንም ጉድጓዱንም ይውጠዋል። አንድ ማለዳ ድልድዩ ጋ መዞር ሰንፌ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ ውስጥ በኮርሳዬ ላቋርጥ ሞከርኩ። ሦስት ሜትር ሳልሄድ የፊት ጎማው እስከ ቸርኬው አሸዋ ውስጥ ሰጠመ። ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ ሳወጣ አንድ ታዳጊ አሮጌ ማውንቴኑን እየነዳ ቀስ ብሎ አለፈኝና ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ልያዝልዎት?» አለኝ። ያን ቀን ቢሮ የደረስኩት ጫማዬ አሸዋ ሞልቶት ነው።

እሾሁም አለ። የግራር እሾህ ቀጭኑን ጎማ ያለ ችግር ያልፈዋል። በሦስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ጎሚስታ ጋ ቆሜአለሁ። በዚያ ላይ የኮርሳ ከመነዳሪ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ቫልቭ ነው ያለው፤ የጎሚስታው መንፊያ የተሠራው ለመኪና ቫልቭ ስለሆነ አይገጥምለትም። ጫፉ ላይ የምትጠመዘዝ ትንሽ የናስ መቀየሪያ አለች፤ ኮርሳ የሚገዛ ሰው እርሷን ከቁልፉ ጋር ያንጠልጥላት። ለባለ 26 ኢንች ማውንቴን ከመነዳሪ መጋላ ገበያ ገብቶ ማግኘት ቀላል ነው። ለባለ 700 ግን ሁለት መለዋወጫ ቤት ማስቀመጥ አለባችሁ። ቅይጡ እዚህ ላይ መሐል ይገባል፤ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጎማ ይይዛል። አሸዋ ውስጥ አይነዳም፤ ኮብልስቶኑን ግን ጥርስ ሳያንገጫግጭ ያልፈዋል። ጎማውን ከለወጥኩ ወዲህ ጎሚስታውን የማየው ሰላምታ ለመስጠት ብቻ ሆኗል።

ማርሽ ላይ ገዢ አብዝቶ ይሳሳታል። ያገለገሉ ኮርሳዎች ለተወዳዳሪ እግር የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከፊት ባለ 53 እና ባለ 39 ጥርስ ሁለት ማርሽ፣ ከኋላ ደግሞ ትልቁ ባለ 25 ጥርስ የሆነ ማርሽ አላቸው። እናስላው። 39 ለ25 ሲካፈል 1.56 ነው፤ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ስለሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 3.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ለማዞር በሰዓት ወደ 12 ኪሎ ሜትር መውጣት ይጠበቅባችኋል። ደንገጎ ላይ በዚህ ፍጥነት የሚወጣ ሰው ጎበዝ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የተመለሰ ሰው ግን በ7 እና በ8 ኪሎ ሜትር ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ፔዳሉን በእያንዳንዱ ዙር እየረገጠ ይታገላል፤ የሚከፍለውም ጉልበቱ ነው። ማውንቴኑ ከፊት 22፣ ከኋላ 28 ካለው በአንድ ዙር 1.6 ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየወጣችሁም እግራችሁ ቀልጠፍ ብሎ ይዞራል። ኮርሳ የግድ ካላችሁ ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ እስከ 28 ወይም 32 የሚደርስ ማርሽ ያለውን ፈልጉ። ከፊት ሦስት ማርሽ ያለው ቅይጥ ግን ይህን ጭንቀት ከነጭራሹ ያስቀርላችኋል።

በሜዳና በፍጥነት ነገሩ ለኮርሳው ያደላል። በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዱ ከጉልበታችሁ አብዛኛውን የሚበላው ንፋስ ነው፤ የተቆለመመው መሪ ወገብን ዝቅ ስለሚያደርግ ንፋሱ የሚመታው አካል ይቀንሳል። በቡድን መሐል ስትነዱ፣ የፊተኛውን ጎማ ተጠግታችሁ ስትከተሉ፣ ያን ቅልጥፍና የሚሰጣችሁ ኮርሳ ብቻ ነው። ማውንቴን ይዞ የጎዳና ውድድር የሚገባ ሰው ገና ከመነሻው ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን በቅንነት መናገር አለብኝ፤ ዓላማችሁ በእርግጥ ውድድር ከሆነና ለሥራ የምትመላለሱበት ሌላ መንገድ ካላችሁ ኮርሳ ግዙ።

ስለ ፍሬን በአጭሩ። በርካሽ ማውንቴኖች ላይ ያለው በሽቦ የሚሳብ ዲስክ ፍሬን ዓይን ይማርካል እንጂ ጥሩ ላስቲክ ከተገጠመለት የቸርኬ ፍሬን አይሻልም፤ ክብደትም ይጨምራል። ከደንገጎ ስትወርዱ ማንኛውንም የቸርኬ ፍሬን ያለማቋረጥ አትያዙ፤ ቸርኬው ይግላል፤ ከመነዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ከጥምዝምዙ በፊት ጠበቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። በዚያ መንገድ የጫት መኪኖች ስለሚበሩ ራስ ቁር ሳታደርጉ አትውረዱ።

ሞላ ያለው ብስክሌት የምትገዙ ከሆነ ከፊት ብቻ ይሁን። ከኋላም ሞላ ያላቸው ርካሽ ብስክሌቶች ሽቅብ ሲወጡ እንደ ፍራሽ ይዋዥቃሉ፤ የእግራችሁን ጉልበት የሚውጠው ያ መዋዥቅ ነው።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ልክን ነው። የመጀመሪያውን ኮርሳዬን የሸጠልኝ ሰው፣ «ሁሉም ሰው ይለምደዋል» አለኝ። ቴላዮው (የብስክሌቱ አካል) 58 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው። አንገቴ፣ ወገቤና የግራ ጉልበቴ ለአራት ወራት አሠቃዩኝ። እንደገና ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። መለኪያው ቀላል ነው፤ ባዶ እግራችሁን ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፤ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በጭናችሁ መካከል ሽቅብ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ለኩ። ለኮርሳ ውጤቱን በ0.66 አባዙ፤ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 53 ቴላዮ ይስማማችኋል። ማውንቴን ከዚህ ያጥራል፤ ለዚያው ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ወይም 18 ኢንች አካባቢ ነው። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ዝቅ ያለው ፔዳል ላይ ስታደርጉ እግራችሁ ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው።

እኔ ለድሬ የምመርጠው ቅይጡን ነው፤ በተለይ ከረጅም ዓመት በኋላ ለሚመለስ። ወደ ሥራ በየቀኑ ይወስዳችኋል፤ የኋላ መጫኛ ይገጠምለታል፤ ደንገጎንም ያስወጣል። ስድስት ወር ሳይቆራረጥ ነድታችሁበት የውድድሩ ፍላጎት ከልብ ከሆነ ያኔ ኮርሳውን ሁለተኛ አድርጋችሁ ግዙ። ማውንቴኑን የምመክረው ቤቱ አስፋልት በማይደርስበት ሰፈር ለሆነ፣ ወይም ኪሱ ለአንድ ርካሽ ብስክሌት ብቻ ለሚበቃ ሰው ነው። ለእርሱም ጥርስ የሌለው ለስላሳ ጎማ ይቀይርበት፤ አስፋልት ላይ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያየዋል።

ያገለገለ ስትገዙ ከገንዘባችሁ አንድ አምስተኛውን ለጎማ፣ ለፍሬን ሽቦና ለራስ ቁር አስቀሩ። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ካቴናው አዲስ ሲሆን ከአንዱ ፒን እስከ ሃያ አራተኛው ቀጣይ ፒን ያለው ርቀት 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ30.7 ካለፈ ካቴናውንም የኋላ ጥርሱንም መቀየር ሊኖርባችሁ ነው፤ ዋጋው ላይ ተከራከሩበት። ቸርኬውን አንሥታችሁ አሽከርክሩና ፍሬኑ ጋ ሲያልፍ ወደ ጎን ይወዛወዝ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ራጂዎቹን (የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች) ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ቆንጠጥ አድርጉ፤ የላላ ካለ እጃችሁ ያውቀዋል። ቴላዮውን መሪው ሥርና ፔዳሉ አጠገብ ባለው ብየዳ ዙሪያ በጣታችሁ ዳብሱት፤ ቀለሙ የተሰነጠቀ ከሆነ ተዉት። በመጨረሻም ነድታችሁ ሞክሩት፤ ሁለት ጊዜ ዙሩ፤ ማርሹን ሁሉ ቀያይሩ። ሻጩ ለሙከራ ካልሰጣችሁ አመስግናችሁት ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።