አራት ኪሎ አካባቢ ኳስ የት እንይ ለምትሉ

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ ወደ ውስጥ የሚያስገባ የኮብልስቶን መንገድ አለ። ኳስ ማሳያ ቤቷ እዚያ ናት። በሯ ላይ ስም የለም። የሰፈሩ ሰው «እትዬ ቤት» ነው የሚላት፤ ባለቤቷንም ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው።

መግቢያው 30 ብር ነው። ሁለት ጨዋታ ከተከታተለም ያው 30 ብር። ስክሪኑ ትልቅና ጥርት ያለ ነው። አግዳሚዎቹ ግን መደገፊያ የላቸውም፣ ከእረፍት በኋላ ወገብ ይይዛል። መሀል ላይ ያለው ምሰሶም ይጋርዳል፤ ከኋላ በግራ በኩል ከተቀመጣችሁ አንዱን ጎል ጨርሶ አታዩትም። ሽንት ቤቱ ንጹህ ነው፣ በኳስ ቤት ይህ ብርቅ ነው። ቡናውን እትዬ ራሳቸው ያፈላሉ። ረከቦቱ ከስክሪኑ ስር ነው፣ ሪሞቱም ከሲኒዎቹ ጎን ነው የሚቀመጠው።

ይህን የምጽፈው በዚያች ሪሞት ምክንያት ነው።

እኔ የማድሪድ ደጋፊ ነኝ። በግንቦት 2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከቫሌንሲያ ጋር ስንጫወት ሌላ ኳስ ቤት ነበርኩ። ጥቁሩ ብራዚላዊ ተጫዋቻችን ቪኒሲየስ ከጎሉ ጀርባ ያለውን ሰዳቢ በጣቱ እየጠቆመ ለዳኛው ሲያሳይ፣ ጨዋታው ደቂቃዎች ሲቆም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀይ ካርድ ያየው እሱ ራሱ ሲሆን ቤቱ በንዴት ሊፈርስ ነበር። የባርሳ ደጋፊ ሳይቀር አብሮን ተቃጠለ። ካርዱ በኋላ ተሰርዞለታል፤ በ2024 ደግሞ ሦስት ደጋፊዎች 8 ወር እስር ተፈርዶባቸዋል። በስፔን ስታዲየም በተሰደበ ዘረኛ ስድብ እንዲህ ሲፈረድ ያ የመጀመሪያው ነው።

ብዙም ሳይቆይ ግን እዚያው ቤት፣ እነዚያው ሰዎች በተቀመጡበት፣ አንድ ጥቁር ተጫዋች ኳስ አበላሸና ከኋላ አንዱ ያቺን ቃል ወረወረ። ታውቋታላችሁ፣ እዚህ አልጽፋትም። ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ግን ምንም አልተናገርኩም። ያ ዝምታዬ እስካሁን ይከነክነኛል። የቫሌንሲያ ሜዳ ሜስታያ ላይ ሲሆን ዘረኝነት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ሲሆን ጨዋታ ነው?

እትዬ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ነው፣ 70ኛው ደቂቃ ገደማ። ያቺው ቃል ከእኔ ሁለት ሰው አልፎ ከተቀመጠ ልጅ አፍ ወጣች። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ድንገት ስክሪኑ ጨለመ። መብራት የሄደ መስሎን «ጄኔሬተር!» ብለን ጮህን። አምፖሉ ግን በርቷል። ዞር ስንል እትዬ ሪሞቱን ይዘው ቆመዋል።

«ማነው የተናገረው?» አሉ። ዝም። ሄደው ግድግዳው ላይ ካሉት ፎቶዎች አንዱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ከጋዜጣ የተቆረጠ ነው፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ በላስቲክ ተለብጧል።

«ይቺ ማናት?»

«ደራርቱ።»

«አብራት ያለችውስ?»

የመለሰ የለም። ኤላና ሜየር ናት፣ ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት። ባርሴሎና 1992፣ 10 ሺህ ሜትር። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1960 በኋላ ኦሎምፒክ ገብታ አታውቅም ነበር። ደራርቱ ወርቁን ወሰደች፣ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች፣ ከዚያ ቆማ ሜየርን ጠበቀቻትና እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ።

ከአጠገቡ የሜክሲኮ 1968 ፎቶ አለ። ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ዘረኝነትን ለመቃወም፣ ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ፣ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸው ወደ ላይ፣ ጫማ የላቸውም፣ በጥቁር ካልሲ ብቻ ቆመዋል። አብሯቸው የተሸለመው ነጭ አውስትራሊያዊ ፒተር ኖርማን ደግሞ ደረቱ ላይ የነሱን ባጅ አድርጓል። ሁለቱን አሜሪካውያን ከውድድሩ መንደር አባረሯቸው። ከ4 ቀን በኋላ በዚያው ስታዲየም የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸንፎ ገባ። ከታች በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺህና 10 ሺውን የጠራረገው ምሩፅ ይፍጠር አለ።

እትዬ እጃቸውን በሜክሲኮውና በምሩፅ ፎቶ መሀል ባዶው ግድግዳ ላይ አሳረፉ። «የሞንትሪያሉ ፎቶ የለኝም። ምሩፅ አልሮጠማ» አሉ። በ1976 ነው። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን አፓርታይድ ያለባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ከኦሎምፒኩ ቀሩ፣ ኢትዮጵያም አብራ። ምሩፅ ሙኒክ ላይ ነሐስ ወስዶ የነበረ ሰው ነው። ሯጭ አራት ዓመት ሲጠብቅ እግሩ አይጠብቀውም። ያንን ሁሉ የከፈለው ለጥቁር ሰው ክብር ነው፣ እኛ ደግሞ ፎቶው ስር ተቀምጠን ያንን ቃል እንወረውራለን።

ልጁ አንገቱን ደፋ። እትዬ 30 ብሩን መለሱለትና «ዛሬ ሂድ» አሉት። አልጮሁም፣ አላዋረዱትም። ከዚያ ስክሪኑን አበሩት። ጎል አልፎናል፣ አንድም ሰው አላጉረመረመም።

በሁለተኛው ሳምንት ልጁ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ገባህ?» አሉት።

«ገባኝ እትዬ።»

«በል ግባ።»

አሁን የፊተኛው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሲኒም ያዞርላቸዋል። እኔም ሌላ ቦታ ያቺን ቃል ስሰማ መናገር ጀምሬያለሁ። አንድ ቀን ልደባደብ ምንም አልቀረኝም ነበር፣ ግን ተናገርኩ።

ቅዳሜ የምትሄዱ ከሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ግቡ፣ በኋላ ቦታ አይገኝም። በቀኝ በኩል፣ ከደራርቱ ፎቶ ስር ያለውን አግዳሚ ያዙ። ምሰሶው አይጋርዳችሁም፣ ጀርባችሁንም ግድግዳው ላይ ትደገፋላችሁ።