የዓባይ ሙላት ወይስ የኤፍራጥስ ቦይ?

ለጥንቱ ገበሬ ዓባይ ይሻል ነበር፤ ምክንያቱ ጎርፉ የሚመጣበት ወር ነው። በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ዝናብ የሚነሳው ሙላት ግብፅን በነሐሴና በመስከረም ያጥለቀልቃት ነበር። ገበሬው ውሃውን በአፈር እርከን በተከለለ ማሳ ከ40 እስከ 60 ቀን አቆይቶ ያፈስሰዋል፤ ደለሉ ይቀራል፣ ጨዉ ታጥቦ ይሄዳል፤ ጥቅምት ላይ በእርጥቡ አፈር ይዘራል። ሙላቱ ካነሰ ግን ከፍ ያለው ማሳ ደርቆ ረሃብ ይከተላል።

ኤፍራጥስና ጤግሮስ በአንጻሩ ከተራራ በሚቀልጥ በረዶ የሚሞሉት በሚያዝያና በግንቦት፣ ልክ ገብሱ ሲደርስ ነው። በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ የኖሩት የጥንት ሱመራውያን ያኔ ሰብሉን ከጎርፍ መከላከል፣ በዘር ወቅት ደግሞ ያነሰውን ውሃ በቦይ መሳብ ነበረባቸው። ቦዩ በደለል ስለሚደፈን ያለማቋረጥ መጠረግ አለበት። የባሰው ጨው ነው፦ ትርፉ ውሃ መውጫ ካጣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፀሐይ ስታተነው ጨዉ መሬቱ ላይ ይቀራል። ስንዴ ይህን አይችልም፤ ገብስ ግን ከስንዴ የበለጠ ይቋቋመዋል።